«ወጥሽ አረረ»፦ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ዲስኩር

ከክፍል ነው የመጣሁት፤ የማወራችሁም የክፍል ወሬ ነው።

ሐሙስ ቀን ነበር፣ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ወሩ ኅዳር። 10ኛ ክፍል፣ 58 ተማሪ። አንድ አንቀጽ ጽፈው እንዲመጡ አዝዤ ስለነበር አንዲት ተማሪ ተነስታ ማንበብ ጀመረች። የጻፈችው ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ ጠዋት በብርድ ቆማ ሳለ፣ ከፊቷ ያለችው ሴትዮ ያዘለችው ሕፃን እንዴት ትክ ብሎ እንዳያት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ወጥሽ አረረ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ወዲያው አልተቀመጠችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ ድምፅዋ ግን ከፊት ወንበር እንኳ አይሰማም ነበር። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች። ደወል እስኪደወል ድረስ የደብተሯን ጥግ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ መልሳ ስታጥፍ አየኋት።

እኔ ምን አደረግኩ? ጮኽኩ። ልጁን ከክፍል አስወጣሁ። «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና» አልኩት። ክፍሉ ጸጥ ሲል ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ እናቱ መጡ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ፤ ክርናቸው ላይ ሊጥ ደርቋል። «ልጄ ይህን ቃል ከየት አመጣው? እኔ ቤት እንዲህ አይባልም» አሉኝ። አንገታቸውን ደፍተው ነው የተናገሩት። የዚያን ዕለት ምጣዳቸው ሳይጣድ ዋለ፤ ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄዱ። ይህ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ሴት በመሆኗ ተሰደበች፤ የስድቡን ቅጣት ደግሞ ሌላ ሴት ከፈለች። ቅጣቱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጁማ አንድ ክፍለ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆሞ ተመለሰ፤ እንዲያውም ጓደኞቹ ከመምህር ጋር እንደተጋፈጠ ጀግና ተቀበሉት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን አላወጣችም። በማርክ መዝገቤ ላይ የቃል ተሳትፎ ከ10 የሚሞላበት ሳጥኗ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ባዶ ነበር።

ልጁን ስለማውቀው ነገሩ አላስተኛኝም። ደብተር ሰብስቦ ስታፍ ድረስ የሚያመጣልኝ፣ እግር ኳስ የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ በር ላይ ስልኩን ከጥበቃ ሲቀበል ጠብቄ፣ «እስቲ የምታየውን አሳየኝ» አልኩት። አፈረ። «አልቆጣህም» አልኩት። የላቦራቶሪው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ቲክቶክ ከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ጎል ነው። ቀጥሎ ደረቱን የሚያፈረጥም ሰው፣ ቀጥሎ ውድ መኪና፣ ቀጥሎ ስለ ብር አያያዝ የሚመክር ወጣት። ከዚያ አንድ ፈረንጅ፣ ከሥሩ በአማርኛ ጽሑፍ፦ ሴት ብር እንጂ ሰው አትወድም ይላል። ከዚያ የእኛው አገር ልጅ፣ በእኛው ቋንቋ፣ የባሰውን ይናገራል። ከጎሉ እስከ ስድቡ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ልጁ አንዱንም ፈልጎ አላገኘውም፤ እሱ የፈለገው ጎሉን ነበር።

ይህ የአንድ ልጅ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልቆምኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዳዲስ ስልኮች ገዝተው፣ በወጣት ወንዶች ስም አካውንት ከፍተው፣ ቲክቶክና የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች ምን እንደሚያቀርቡላቸው ተከታተሉ። አንዳንዶቹ አካውንቶች የስፖርትና የጌም ቪዲዮ ብቻ የሚፈልጉ ነበሩ። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ በመጀመሪያዎቹ 23 ደቂቃዎች ውስጥ ሴትን የሚያንቋሽሽ ወይም የወንድን የበላይነት የሚሰብክ ነገር ቀረበላቸው። ሁለትና ሦስት ሰዓት ከታየ በኋላ ደግሞ ከሚቀርበው ውስጥ ቲክቶክ ላይ 76 በመቶው፣ ዩቲዩብ ላይ 78 በመቶው የዚሁ ዓይነት ሆነ። የእኛ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርተን፣ የቤት ሥራ አርመን፣ ሰሌዳ እስክናጠፋ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይበቃዋል ማለት ነው።

አሠራሩን እኛ መምህራን ብናውቀው ይጠቅመናል፤ ስናውቀው ከልጁ ጋር መጣላታችንን እንተዋለንና። ስልኩ ውስጥ ያለው ሥርዓት ልጁን ክፉ ለማድረግ አላሰበም። የሚለካው አንድ ነገር ነው፦ ዓይኑ የት ላይ እንደቆየ። የሚያስቆጣ ነገር ዓይን ያስቆያል። ልጁ ተናድዶም ይይ፣ ወድዶም ይይ፣ ቆይቷልና ይጨመርለታል። ከሥርዓቱ ጀርባ ደግሞ ነጋዴ አለ። አንድሩ ቴት የሚባለውን የቀድሞ ኪክቦክሰኛ ስሙን ከተማሪዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገ ሰው ነው። ብር እንዴት እንደሚገኝ አስተምራለሁ ብሎ በወር 50 ዶላር ገደማ የሚያስከፍል የኦንላይን «ዩኒቨርሲቲ» ከፈተ። የተመዘገቡት ወጣቶች የእሱን ንግግር እየቆራረጡ በየገጻቸው እንዲለጥፉ ይመከሩ ነበር፤ አዲስ ተመዝጋቢ ላመጣ ኮሚሽን ነበረው። ንግግሩ ባስቆጣ ቁጥር ይበልጥ ይዛመታል፤ በተዛመተ ቁጥር ተመዝጋቢ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አባረሩት። ሰውየው ተባረረ፤ የተቆራረጠው ቪዲዮ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች እጅ ስለነበር ቀጠለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሩማንያ ውስጥ ተይዞ በኋላ በሰው ማዘዋወርና በአስገድዶ መድፈር ተከሷል፤ እሱ ክሱን ይክዳል። የእኛ ተማሪ ደንበኛ የሆነ ይመስለዋል። እንደ እኔ እምነት ያለ ደመወዝ የተቀጠረ ተሸካሚ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ጉድ ነው፣ ወደ እኛ አይደርስም» የሚል አለ። ደርሷል። የኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ ማዕከል የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ሥራ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያን ማኅበራዊ ሚዲያ ለማጥናት ከ2,000 በላይ የጥላቻና የስድብ ቃላት ሰብስቧል። አጥኚዎቹ ያነጋገሯቸው ሴቶች እንዲህ ያለው ስድብ የተለመደ ነገር እስኪመስል ድረስ መብዛቱን ተናግረዋል። ቋንቋው የእኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው አለኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ ተረትና ምሳሌ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ከምጽፋቸው አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ነው። «ሴት ለቤት፣ ወፍጮ ለዱቄት» ሌላው። ትርጉሙን እጠይቃለሁ፣ መልስ የሰጠው ነጥብ ያገኛል፣ እንቀጥላለን። እውነት ነው ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። 20 ዓመት ሙሉ ስንት ልጃገረድ ያንን በራሷ እጅ ጽሑፍ ደብተሯ ላይ እንደገለበጠች አስቡት፤ ማርክ አገኝበታለሁ ብላ፣ ከሥሩ አስምራ። ያ ልጅ ስልኩን ሲያሳየኝ ከወረዱት ቪዲዮዎች በአንዱ ላይ፣ ከሙዚቃ ጋር፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ያው «ሴት ብታውቅ» ነበር። የባሕር ማዶው ዘር እዚህ ሲደርስ መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ ጠብቆታል። ካረሱት መካከል እኔ አለሁበት።

ቢሆንም መሬቱ ሲለወጥም አይተናል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ከእኛ በፊት የደከሙትን እበድላለሁ። አሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ይፈቅድ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟገተላት፣ ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፈነው። የሰው ሐሳብም ተንቀሳቅሷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ2011 45 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 28 በመቶ ወረዱ። ሴቶቹ ግን ከ68 ወደ 63 ብቻ ነው የወረዱት። ይህን ቁጥር ስታዩ አትፍረዱባቸው፤ ያ ተረት ደብተር ላይ ሲገለበጥ ይበልጥ የዘለቀው ማን ልብ ውስጥ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። በአምስት ዓመት ውስጥ የወንዶቹ ቁጥር ያን ያህል የወረደው ስልክ ሁሉም ልጅ ኪስ ውስጥ ሳይገባ ነው። የዛሬዎቹ 10ኛ ክፍሎች ያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ። ቁጥሩ ተመልሶ ቢወጣ በእኛ እጅ ባለፉ ልጆች ነው የሚወጣው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ደረጃው ላይ ሆነን «ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው የሚጥምህ?» አልኩት። ዝም አለ፣ ዝም አለና «ቲቸር፣ ብር የሌለው ወንድ ሰው ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ቀጠለ፦ «ማትሪክ ከመቶ ሦስት ሰው ነው ያለፈው። እኔ ከሦስቱ ውስጥ አይደለሁም። እሱ ግን ትምህርት አያስፈልግህም ይላል።»

ቁጥሩን ከራሱ አልፈጠረውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እኛ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን ያሰላል። ዕድሉ ጠባብ እንደሆነ ያውቃል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ያውቃል፤ የወደዳት ልጅ መልስ አልሰጠችውም፤ ስለዚህ ሁሉ ደግሞ የሚያናግረው አንድም ትልቅ ሰው የለም። ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው «ተበድለሃል» ይለዋል። መበደሉ እውነት ነው። ቀጥሎ «የበደለችህ እሷ ናት» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ያሳየዋል። ውሸቱ እዚህ ጋ ነው። እኛ ውሸቱን ብቻ ልንነቅል ስንነሳ እውነቱንም አብረን እንክዳለን፤ ልጁ የሚያመልጠን ያኔ ነው። ፈተናው ከባድ እንደሆነ፣ ሥራ እንደጠፋ፣ እምቢ መባል እንደሚያም ስንነግረው ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ያቺ ልጅ ያንኑ ፈተና እንደምትፈተን፣ ወጥታ ስትገባ ደግሞ መንገድ ላይ የሚጎትታት እንዳለ መስማት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ደቂቃ የልጅቷ ነው። እኔ የዚያን ሐሙስ ሙሉ ቁጣዬን ለልጁ ሰጠሁ፤ እሷ ቆማ ቀረች። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ልጁን በእጄ «ቆየኝ» ብዬ፣ ወደ እሷ ዞሬ «ካቆምሽበት ቀጥዪ፣ እየሰማንሽ ነው» እላለሁ። ለክፍሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «እዚህ ክፍል ሰው ሲያነብ አይቋረጥም።» ስብከት አልጨምርም። እሷ አንብባ እስክትጨርስ ድረስ ልጁ ይጠብቃል፤ ያ መጠበቅ ራሱ ትምህርት ነው። ማንበብ ካልቻለች ደግሞ አላስገድዳትም፤ ከክፍል በኋላ ሄጄ ጽሑፉን እጠይቃታለሁ፣ አነበዋለሁ፣ ስለ ጽሑፉ እነግራታለሁ። ስለ ስድቡ ማውራት ከፈለገች እሷ ትጀምረው።

ከዚያ ልጁ። ለብቻው፣ ተመልካች በሌለበት። «ቀልዱ አልገባኝም፣ እስቲ አስረዳኝ። ወጥ ማለትህ ምን ለማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከልብ ጠይቁ፣ ለማሳፈር አይሁን። ይንተባተባል። ያ ቀልድ ሲብራራ አይቆምም፤ የቆመው በሳቅ ብቻ ነበር። «ማን ሲል ሰማህ? እሱ ይህን በማለቱ ምን ያገኛል?» ወደሚለው ሂዱ። ያንን ዝነኛ ሰው ግን አትሳደቡ። «እንቶኔ ወሮበላ ነው» ባላችሁ ቅጽበት ልጁ ጠበቃ ይሆንለታል፤ ክርክሩ ስለ ሰውዬው ይሆንና ስለ ልጅቷ መሆኑ ይቀራል። የአንድ ትምህርት ቤት አመራር በጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ «የእንዲህ ያለ ሰው ቪዲዮ ማየት ክልክል ነው» ብሎ ስም ጠርቶ ነበር። ስሙን ሰምቶ የማያውቀው ሁሉ ማታ ፈልጎ አየው።

የልጆቹን ቋንቋ አለማወቃችን አያሳፍርም፤ አለመጠየቃችን ግን ይጎዳናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው አዶለሰንስ የተባለ ባለ አራት ክፍል ድራማ አለ፤ አብራው የምትማር ልጅ በመግደል የተጠረጠረ የ13 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። መርማሪው ፖሊስ ልጆቹ የሚለዋወጧቸው ትንንሽ ምስሎች ምን ማለት እንደሆኑ አይገባውም። የሚያስረዳው የራሱ ልጅ ነው፤ በአባቱ ስለሚያፍር ገለል አድርጎ። እንግሊዝ ውስጥ ድራማው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በነፃ እንዲታይ ተደርጓል። እኛም ክፍል ውስጥ «ሲግማ» ወይም «ሬድ ፒል» ሲባል ስንሰማ፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ልጅ ፊታችን ተቀምጧል።

የትምህርቱ ዓይነት ይህን ለመንካት አይከለክልም። የሒሳብ መምህራን ስላላችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእነዚህ ቪዲዮዎች ውስጥ የሚደጋገም ቁጥር አለ፦ 80 በመቶ ሴቶች የሚፈልጉት 20 በመቶ ወንዶችን ብቻ ነው የሚል። ልጆቹ እንደ ሳይንስ ሕግ ይጠቅሱታል። ይህን ቁጥር ለማስረዳት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ኦኬኪዩፒድ የተባለ አሜሪካዊ የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ ያወጣው መረጃ ነው። ሴቶቹ የወንዶቹን ፎቶ አይተው ነጥብ ሲሰጡ 80 በመቶ የሚሆኑትን ከአማካይ በታች አደረጓቸው። እዚህ ድረስ ይጠቀሳል። ከሥሩ ያለው ግን ተዘለለ፦ እነዚያው ሴቶች መልእክት ሲልኩ በአብዛኛው የላኩት ለነዚያው «ከአማካይ በታች» ላሏቸው ወንዶች ነው። መልእክታቸውን ይበልጥ ቆንጆ ባሏቸው ላይ ያከማቹት ወንዶቹ ናቸው። ይህን በሁለት ግራፍ ሰሌዳ ላይ ሥሉትና «ከዚህ ውስጥ ማን ምን ቆርጦ አወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስታትስቲክስ ታስተምራላችሁ፤ አንዱ ልጅ ደግሞ ማታ ቪዲዮውን ሲያይ ግራፉ ትዝ ይለዋል።

ወንድ መምህራን፣ በተለይ የስፖርት መምህራን፣ እናንተን ለብቻ ላናግር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ ከተማ በ16 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሞከረ ሥራ አለ። አሠልጣኞች በየሳምንቱ ከልምምድ በፊት ወይም በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ከቡድናቸው ጋር ስለ ሴት ልጅ አክብሮት ያወራሉ፤ ስለ ስድብ፣ ስለ እምቢታ፣ ጓደኛህ ሲሳደብ ምን ትላለህ ስለሚለው። ከዓመት በኋላ ሲታይ እነዚያ ልጆች በሴት ጓደኞቻቸው ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ባለሙያ አልተቀጠረም፤ ልጆቹ አስቀድሞ የሚሰሙት ሰው ነው የተናገረው። በእኛ ትምህርት ቤት ኳስ አቀባዩ ልጅ የዳይሬክተሩን ንግግር አይሰማም፤ ፊሽካ የያዘውን ሰው ግን ይሰማል።

አዲስ አበባም ውስጥ ተሞክሯል። ሕይወት ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣት ወንዶችን በትንንሽ ቡድን እያሰባሰበ ወንድነት ምንድን ነው ብሎ አወያይቷል። በውይይቱና አብሮት በተካሄደው የአካባቢ ቅስቀሳ ከተካተቱት መካከል የፍቅር ጓደኛቸውን መጉዳታቸውን የሚናገሩት ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። የእኛ የሥርዓተ ፆታ ክበቦች ግን ሴቶች ስለ ሴቶች ለሴቶች የሚያወሩባቸው ናቸው። ልጃገረዶቹ የራሳቸው ሰዓት አይነካባቸው፤ ያስፈልጋቸዋል። ወንዶቹም በወንድ መምህር የሚመራ የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው፤ በወር አንዴ ሁለቱ ይገናኙ።

ሴት ባልደረቦቻችን ደግሞ እነሱ ራሳቸው ይሰደባሉ፤ ይህን ሳንሸሽ እንነጋገር። አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች 30 ሴት መምህራንን አነጋግረው ወንድ ተማሪዎች ከእነዚህ ቪዲዮዎች የቀዱትን ቃል በመምህራኖቻቸው ላይ እንደሚወረውሩ ጽፈዋል። አንዲት መምህርት መጥታ «ተማሪው እንዲህ አለኝ» ስትል «ክፍል መያዝ አቅቶሽ ነው» ያለ ርእሰ መምህር ካለ፣ ከዚያ ልጅ ጎን ቆሟል። የክፍል ኃላፊውና ዩኒት ሊደሩ ከእሷ ጋር አብረው ገብተው ጉዳዩን ሊይዙ ይገባል።

ስልክ ስለመከልከል ብዙ አልናገርም። መከልከሉን እደግፋለሁ፤ ስልኩ በር ላይ ሲመለስ ግን ቀሪው ቀን የልጁ ነው።

አንድ ድንበር ላኑር። ማስፈራሪያ፣ የልጃገረድን ፎቶ በቴሌግራም ማዞር፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ልብሷን ገፍፎ ማሠራጨት፣ መንገድ ላይ መጠበቅ፤ እነዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚወራባቸው አይደሉም። መጀመሪያ ልጅቷ ትጠበቅ፤ ማስረጃው ሳይጠፋ ይያዝ፤ አመራሩ፣ ወላጆቿና ፖሊስ ይወቁ። «የልጁ የወደፊት ሕይወት እንዳይበላሽ» ተብሎ በሽምግልና የተሸፈነ ነገር ስንት ጊዜ ልጅቷን ከትምህርት አስቀርቷል? ትምህርት ቤት የቀየረችው ሁልጊዜ እሷ ናት።

ልጨርስ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የተረትና ምሳሌ ምዕራፍ ደረሰ። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፍኩም። «ስለ ሴት የተተረተ አንድ ተረት ከቤታችሁ አምጡ፤ እናታችሁን ወይም አያታችሁን መጀመሪያ የሰሙት መቼ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ» አልኩ። ብዙዎቹ አንድ መስመር ጻፉ፤ ጥቂቶቹ ምንም አላመጡም። ያ ልጅ ሙሉ ገጽ ይዞ መጣ። ተነስቶ አነበበው። ተረቱ «ሴት ብታውቅ» ነበር። እናቱ ሰባተኛ ክፍል ሳሉ፣ አባታቸው «ይበቃታል» ብለው ከትምህርት ሲያስቀሯቸው የተናገሩት ይህን ነው። ደብተራቸውን ምን እንዳደረጉት ሲጠይቃቸው «ለእሳት ማቀጣጠያ» አሉት። ልጁ እዚህ ላይ ትንሽ ቆመ። ከኋላ ወንበር ድምፅ አልመጣም።

ያቺ ልጅ ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ሆና ዞራ አየችው። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ አልጠየቅኳትምም። ይቅር በይ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። እጇን ያወጣችው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ስለ ሌላ ነገር፣ አንድ ጊዜ። ሳጥኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ነጥብ ጻፍኩ።

ልጁ አሁን 12ኛ ክፍል ነው። ቪዲዮዎቹን ማየት አልተወም፤ ራሱ ነው የሚነግረኝ። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ጠብቆኝ ስልኩን ዘረጋልኝ። አዲስ ሰው ነው፣ የእኛው አገር፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ያወራል። «ቲቸር፣ ይሄኛውስ ምን ሊሸጥ ነው?» አለኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥንና ከመጀመሪያው ጀምረን አየነው።